ጋሼ የሠሩት የፍላጻ አፎት

ጋሼን ያወቅኳቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ እሑድ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ይቀመጡ ነበር። አገር ቤት ሳሉ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ ነበሩ። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዱሉዝ ከተማ በሚገኝ መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነድተዋል። ባለቤታቸው ሲያርፉ እዚያው አቅራቢያ ስኔልቪል ከተማ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ያለቻቸው አንድ ሴት ልጅ ናት፤ እሷም የምትኖረው ሌላ ስቴት ነው።

እኛ ምን ይበሉ ይሆን፣ ከማን ጋር ያወሩ ይሆን እያልን ስንጨነቅ፣ እሳቸው ቀስት መወርወር ጀመሩ። መጋዘን አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ የራሱን አሮጌ ቀስት ሰጥቷቸው ነው። በሥዕል እንደምናውቀው ያለ የታጠፈ እንጨት አይደለም። ላይና ታች ጫፉ ላይ መዘውር አለው፣ አውታሩ በመዘውሮቹ ላይ ይዞራል፤ ሲስቡት መጀመሪያ ይከብድና መጨረሻው ላይ እጅ ውስጥ ቀለል ይላል። “ይህን ያሰበ ሰው ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ” አሉኝ አንድ ቀን፣ “መቶ ከመቶ እሰጠው ነበር።”

ልጃቸው ስልኬን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፣ ደወለችልኝ። “አባዬ ብቻውን ፓርክ እየሄደ ነው፤ ላይክ፣ ቀስት ይዞ! ፕሊስ አብረኸው ሂድ” አለች። ሄድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካውንቲው ለቀስተኞች ባዘጋጀው ሜዳ እሳቸው ሲወረውሩ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስልኬን እጎረጉር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የራሴን ቀስት ገዛሁ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ቀን አገኘሁ።

በእንግሊዝኛ ስም መጥራት አይወዱም ነበር። እኔ ቦው፣ አሮው፣ ኩዊቨር ስል እሳቸው ያርሙኛል። የሚለጠጠው ደጋን ነው፣ የሚወረወረው ፍላጻ ነው፣ ፍላጻው የሚቀመጥበት ደግሞ አፎት። “ስም ያለውን ነገር በስሙ ጥራው” ይሉኛል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት።

አሜሪካዊው ጓደኛቸው ከስኔልቪል ወደ ምሥራቅ ርቆ ጫካ ያለው መሬት ነበረው፤ በአደን ወቅት እዚያ ይጋብዛቸዋል። አንድ ዓመት አጋዘን ጥለው ሥጋውን ለየቤቱ አከፋፈሉ። ባለቤቴ እበላለሁ አልበላም ስትል ቆይታ ደወለችላቸው። “ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ?” አሏት። ጠብሳ በላችው፤ እኔንም አበላችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጥፋቱ የአፎቱ ነበር። አዳኝ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚጠብቀው፣ ፍላጻዎቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ አፎቱ በብሎን ከደጋኑ ጎን ይታሰራል፣ ፍላጻዎቹም አብረው ይቆማሉ። ከመደብር የገዙት አፎት አውታሩ በተለቀቀ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። “አጋዘኗ ፍላጻው ሳይደርስባት ድምፁን ሰምታ ሄደች” አሉኝ። “እኔ እሠራለሁ።”

ክረምቱን በሙሉ ጋራዣቸው ውስጥ ሲሠሩ ከረሙ። ሲጨርሱ ጠሩኝ። አካሉ ከአሮጌ የአሉሚኒየም መሰላል እግር የተቆረጠ ነው። ፍላጻዎቹን ከታች በኩል ጨብጠው የሚይዙ አምስት የጎማ መያዣዎች አሉት፤ ጎማውን ያገኙት ከእጅ ጋሪ ጎማ ውስጥ ነው። ከላይ የአደን ፍላጻዎቹን ስለታም ጫፎች የሚሸፍነው ቆብ ደግሞ መጋዘን ሳሉ ያደርጉት የነበረ ሄልሜት ነው። በመጋዝ ቆርጠው፣ በሙቀት አለስልሰው፣ አረንጓዴ ቀብተውታል። ውስጡ ስፖንጅ ጠቅጥቀዋል፤ የፍላጻዎቹ ጫፍ እዚያ ይቀበራል። ጠርዙ ሁሉ በሞረድ ተስተካክሎ እጅ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

“አንተ እንጀራህ ጉድለት ማግኘት ነው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥራዬ ደንበኞች የመለሱትን ዕቃ ኢንስፔክት ማድረግ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ከፍቼ፣ ነቅንቄ፣ ሞክሬ አለፈ ወይም ወደቀ እላለሁ። “ሦስት ሳምንት ውሰደው። የራስህ ደጋን ላይ እሰረው። እንደ ተማሪ ፈትነው። ያገኘኸውን ጻፍ፤ እንዳትራራልኝ።”

“ጋሼ፣ እኔ ማን ነኝና ነው የእርስዎን ሥራ የምፈትነው?”

“ኢንስፔክተር ነሃ!”

እውነት ለመናገር እንደዚያ በፍቅር የፈተንኩት ዕቃ የለም። በኩሽና ሚዛን መዘንኩት፤ ከተገዛው ይቀላል። ሜዳው ላይ አንዴ አፎቱን አስሬ፣ አንዴ ፈትቼ ወረወርኩ። ሲታሰር ደጋኑን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብለዋል፣ ፍላጻዎቹም ኢላማው ላይ ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ ማነጣጠሪያውን ነካ ሲያደርጉት የሚስተካከል ነው። ባለቤቴን ጓሮ አቁሜ ዓይኗን አስጨፈንኳትና አንዴ ከአፎቱ ጋር፣ አንዴ ያለ አፎቱ ወርውሬ “የቱ ነው?” አልኳት። አልለየችውም። የአትክልት ውኃ አርከፈከፍኩበት፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ቴሌቪዥን እያየሁ ፍላጻዎቹን ደጋግሜ አወጣሁ፣ መለስኩ። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ነው ያገኘሁት። አምስቱንም ፍላጻ ሞልቼ ደጋኑን ከጎኑ በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው፣ ከዳር ያለው አምስተኛው ፍላጻ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ጫፉ ከስፖንጁ ተላቆ ከቆቡ ጠርዝ በታች ብቅ አለ። የመለማመጃ ድፍን ጫፍ ስለነበር ምንም አላደረገኝም። ደገምኩት፤ ያዘ። እንደገና ሞከርኩት፤ ለቀቀ። ቀረብ ብዬ ሳየው የአምስተኛው መያዣ ጎማ ከሌሎቹ ይሳሳል፣ ሲወጣና ሲገባ ደግሞ ላልቷል፤ ቆቡም በዚያ በኩል ትንሽ ያጥራል። በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አንዳንዴ የሚለቅ ነገር ሁልጊዜ ከሚለቅ የባሰ መሆኑን ነው። ሁልጊዜ የሚለቀውን ሰው አያምነውም። ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “አምስተኛው መያዣ ይለቃል። ቆቡ በዚያ በኩል ያጥራል። ወድቋል።”

ቅዳሜ ስሄድ ጋሼ ኮት ለብሰው ጠበቁኝ። ፓስታ ሠርተዋል። ጋራዡ ተጠርጓል። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች ተደርድረዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዎች ለእኛም ይሥሩልን ብለዋቸው ነው። “ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ” አሉ የቀኝ እጃቸውን ዘርግተው እያዩ፣ “ይሄ እጅ እንዲህ ታዝዞልኝ አያውቅም።”

ልጃቸው በቪዲዮ ስልኩ ላይ ነበረች። “ሙሉውን ሳምንት ስለ አንተ ሪፖርት ነው የሚያወራው!” አለችኝ። “ቢ ናይስ፣ ኦኬ?”

ስልኩን ሲዘጉ ደብተሬን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ክብደቱን፣ ድምፁን፣ የባለቤቴን ዓይን መጨፈን፣ የውኃውን ነገር። በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወደ ቀኝ ማዘንበሉን ስነግራቸው “አዎ፣ እሱን ገምቼ ነበር” አሉና እርሳስ አንስተው ጻፉ። ደስ ብሏቸው ነው የጻፉት፤ ይህን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ወደ መጨረሻው መስመር ደረስኩ። ቀና ስል ፊታቸውን አየሁት። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ እንደዚያ የበራ ፊት አላየሁባቸውም ነበር።

“መያዣዎቹስ?” አሉኝ።

“ጥሩ ይይዛሉ።”

“አምስቱም?”

“አምስቱም” አልኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

ወዲያው ግን ጸጸተኝና አፎቱን አነሳሁ። “ጋሼ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ ይቆይ?” አልኳቸው። ቤት ወስጄ ጎማውን በሌላ ልቀይረው፣ እሳቸውም ሳያውቁ ነገሩ እንዲያልፍ አስቤ ነበር።

“ለምን? ችግር አለው?”

“ኧረ የለውም። ወድጄው ነው።”

ሳቁ። “ከወደድከው ለአንተም እሠራልሃለሁ። ይሄ ግን ወቅቱ ሲከፈት ከእኔ ጋር ይወጣል።” አፎቱን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ፓስታውን በላን። ጎበዝ አብሳይ አልነበሩም፤ እሱንም ጥሩ ነው አልኳቸው።

የአደን ወቅት እስኪከፈት ያሉትን ወራት ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ልነግራቸው ያልተነሳሁበት ቀን አልነበረም። እሑድ ሰው መሃል አይሆንም እላለሁ። በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም እላለሁ። ሜዳ ላይ ተገናኝተን ሲወረውሩ ድፍን ጫፍ ነው የሚጠቀሙት፣ አሁን ምን ያስቸኩላል እላለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጄ፣ ጫካው አጠገብ ዕቃ ስናወርድ፣ እኔ ልያዝልዎት ብዬ አምስተኛውን ፍላጻ አወጣዋለሁ። ይሉኝታ ያለበት ሰው እውነትን ከመናገር ይልቅ ስንት ዘዴ እንደሚፈጥር!

ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ቅዳሜን ኦቨርታይም አደረገው፤ እምቢ ማለት አይቻልም። ዓርብ ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላቸው።

“ጋሼ፣ ነገ አልችልም። ብቻ… አራት ፍላጻ ይበቃዎታል፣ አይደል?”

“አምስት ቦታ ሠርቼ ለምን አራት እይዛለሁ?” አሉ እየሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። “እሺ፣ ይጠንቀቁ” አልኳቸው።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አሜሪካዊው ጓደኛቸው ነበር። ጋሼ ዛፉ ላይ ወጥተው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ደጋኑን በገመድ ወደ ላይ ሲስቡ፣ ደጋኑ ተወዛውዞ ግንዱን መታ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚስበው፣ የእሳቸው ጥፋት የለበትም። እጃቸውን ዘርግተው ደጋኑን ከቆቡ በታች ያዝ ሲያደርጉት፣ ተንሸራትቶ የወጣው የፍላጻ ስለት ጣቶቻቸውን ቆረጣቸው። በአንድ እጃቸው ከዛፉ ወርደው ደወሉለት፤ እሱም ሸሚዙን ጠምጥሞላቸው ሆስፒታል አደረሳቸው።

ከሥራ አስፈቅጄ በረርኩ። ስደርስ ቀኝ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ተጠቅልሏል። የሁለት ጣቶቻቸው ጅማት ተቆርጦ ስለነበር ኦፕራሲዮን ሊገቡ እየተዘጋጁ ነው። ሲያዩኝ መጀመሪያ የተናገሩት ይህን ነበር፦

“ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ ፈትነኸዋል። እኔ ነኝ ፍላጻውን በደንብ ሳላስገባ የቀረሁት። ቸኩዬ መሆን አለበት።”

ጥፋቴን ለመናዘዝ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ደብተሩም መኪናዬ ውስጥ ነበር። “አይዞዎት ጋሼ” ብቻ አልኳቸው።

ልጃቸው በማግሥቱ መጣች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰበሰቡ። በዚህ ዕድሜዎ አደን ምን ሊያደርግልዎት፣ እግዚአብሔር ነው ያተረፈዎት ተባሉ። ሁሉንም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እንደ ጥፋተኛ ልጅ ሲወቀሱ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጁስ እቀዳ ነበር። ልጃቸው ደጋኑንና አፎቱን ከቤት አስወጥታ ለአሜሪካዊው መለሰችለት። ሁለቱ የአሉሚኒየም ቁራጮችም ተጣሉ። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ጠየቀችኝ። “አንተ ግን ቼክ አድርገኸው ነበር፣ ራይት?”

“አዎ” አልኳት።

ክረምቱንና የፀደዩን መጀመሪያ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ለእጃቸው ቴራፒ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ፈረቃዬን ቀይሬ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ፓስተራችን ጉባኤው ፊት ስለ እኔ ደግነት ተናገረ፤ ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ጋሼ ደግሞ በየመንገዱ “አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?” ይሉኛል። ያ ነው የገፋኝ። ጀግንነት አልነበረም፤ ምስጋናቸውን መሸከም ስላቃተኝ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ። እሳቸው ለልምምድ የተሰጣቸውን ለስላሳ ኳስ ይጨምቁ ነበር፤ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም።

“ጋሼ፣ አምስተኛው መያዣ እንደሚለቅ አውቅ ነበር።”

ኳሱን መጭመቅ አቆሙ። “መቼ ነው ያወቅከው?”

“ስፈትነው።”

ደብተሩን ገልጬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን በግራ እጃቸው ፈልገው አደረጉና አነበቡት፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ነበር ያነበቡት፣ የመጨረሻው ላይ እስኪደርሱ አልቸኮሉም።

“ጥሩ ምርመራ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ሁሉንም አግኝተኸዋል።”

“እንዳላሳዝንዎት ብዬ ነው። ደስ ብሎዎት ነበር። ልጅዎም…”

“እኔ የማዝነው ስለ እጄ መሰለህ?” አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ጎማውን ለመቀየር ሃያ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ቆቡን እንደገና ለመሥራት ቢበዛ ሁለት ቀን። ሥራ ፈት ሰው ነኝ፤ ደስ ብሎኝ እሠራው ነበር። በሕይወቴ ስንት የምወዳቸውን ልጆች በፈተና ጥያለሁ መሰለህ! የጣልኳቸው ስለምጠላቸው አይደለም። ተመልሰው እንደሚሠሩት ስለማውቅ ነው። አንተ ግን ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ ይለፈው አልክ። አከበርኩዎት ብለህ ናቅከኝ።”

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው፤ ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነብኝ።

“ይቅር ብዬሃለሁ” አሉ ወዲያው። የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸውና አምናቸዋለሁ። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። “ሰዓቱ ደርሷል፣ እንግባ።”

ስንመለስ ስለ መንገድ ግንባታ አወራን። ሰኞ ዕለት ደውለው በሚቀጥለው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ወንድም እንደሚወስዳቸው፣ እንዳልቸገር ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ወስጃቸው አላውቅም። ለልጃቸው አልነገሩብኝም፤ እኔ ራሴ ደውዬ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችና “ኦኬ” አለች። ለጉባኤው ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

እሑድ ስንገናኝ ሰላምታቸው አልተለወጠም። ትከሻዬን ይስሙኛል፣ ስለ ባለቤቴና ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። የቀረው ሌላ ነገር ነው። ድሮ “እስቲ ይቺን ብሎን እያት”፣ “እስቲ ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ፣ ምን ይመስልሃል?” ይሉኝ የነበረው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምን ይመስልሃል ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ይቅርታና መታመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስብከት ላይ ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ ጸጥ ብሎ እንደሚመጣ ግን አላወቅኩም።

ጣቶቻቸው አልታጠፉም። ሞረድም መጋዝም መያዝ አልቻሉም። ቤቱን ሸጠው ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ሲሉ፣ ዕቃ ለመጫን ከቤተ ክርስቲያን አምስት ሰዎች ሄድን። ትልቁን ቁም ሣጥን የጭነት መኪናው ላይ ጭነን ገመዱን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ከመኪናው ኋላ ቆመው ቋጠሮውን አዩት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ እጄም ገና ገመዱ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ከመኪናው ማዶ የቆመውን ሰውዬ ጠርተው “ጠብቋል?” አሉት።

ሰውየው ዞሮ መጥቶ ገመዱን ሳበው። “ጠብቋል ጋሼ” አላቸው።

“እግዚአብሔር ይስጥህ” አሉት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ግራ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተሰናበቱኝ።

በየበዓሉ እደውላለሁ። ያነሳሉ። እዚያ ብርዱ እንደሚበረታ፣ ልጃቸው ሥራ እንደሚበዛባት፣ በግራ እጃቸው መጻፍ እየለመዱ እንደሆነ ይነግሩኛል። እኔም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ስኔልቪል መንገድ መጨናነቅ አወራቸዋለሁ። ባለፈው ስደውል ጥቂት ካወራን በኋላ ልጃቸው ለምሳ ስትጠራቸው ሰማሁ። “በል እንግዲህ፣ ምሳ ቀርቧል” አሉኝ። “እሺ ጋሼ፣ ይብሉ” አልኳቸው።